የባሕር ዳርቻ እሳት፦ ዕቅዱን ከማጥፊያው መጀመር

ባሕር ዳርቻ ላይ እሳት አንድዶ ያመሸ ሰው ሊሄድ ሲነሣ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አሸዋው ነው። አሸዋው ከእግሩ ሥር አለ፤ ሁለት ሦስት አካፋ ጣል ሲያደርግበት ነበልባሉም ጭሱም ድርግም ይላል። "በቃ ጠፋ" ይባልና ጓዝ ይሸከፋል። ከሥር ግን ፍሙ እንዳለ ነው። ማታ ረመጡን አመድ አልብሶ የዳፈነ፣ ጠዋት ገለጥ አድርጎ እፍ ሲለው እሳቱ የተነሣለት ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አሸዋም የሚሠራው ያንኑ ነው። ደረቅ አሸዋ በቅንጣቶቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ፍሙም በምትደርሰው ጥቂት አየር ቀስ እያለ እየነደደ ሌሊቱን ሊያድር ይችላል። በማግስቱ ላዩን ላየው ከሌላው አሸዋ አይለይም። ጫማውን አውልቆ የሚሮጥ ሕፃን የሚረግጠው እንግዲህ ያንን ነው።

የቃጠሎ ሐኪሞች ስለ ካምፕና ስለ ባሕር ዳርቻ እሳት ሲናገሩ ከሚያነሧቸው ጉዳቶች አንዱ ይኸው የማግስቱ ቃጠሎ ነው፤ የሚጎዱትም በብዛት ልጆች ናቸው። ስለዚህ እሳቱ ሲታቀድ ከክብሪቱ በፊት ውኃው ይታሰብ። ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ መቁጠር ሌላም ጥቅም አለው፦ የት እናንድ፣ ስንት እንጨት እንያዝ፣ በስንት ሰዓት እንለኩስ የሚሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ በዚያው ይመለሳሉ።

ማጥፋቱ

የባሕር ውኃ እሳት ለማጥፋት ከንጹሕ ውኃ አያንስም። ጨዋማነቱ ምንም አይጎዳም። ችግሩ ያለው ውኃው ባሕሩ ውስጥ መሆኑ ላይ ነው። "ባሕሩ እዚሁ ነው" ብሎ ባልዲውን ባዶ የሚተው ሰው፣ ፍንጣሪ የጓደኛው ጨርቅ ላይ ሲያርፍ በጨለማ፣ በሚሰምጥ አሸዋ ላይ 40 ሜትር ሮጦ፣ ማዕበል ገብቶ ቀድቶ መመለስ አለበት። ሁለት የተሞሉ ባልዲዎች ክብሪቱ ከመጫሩ በፊት ከእሳቱ አጠገብ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይቀመጡ። እጀታው ረዘም ያለ አካፋም ከጎናቸው ይሁን። እነዚህ ሦስቱ ካልተሟሉ እሳቱን ባይለኩሱት ይሻላል።

የማጥፋቱ ሥራ ራሱ ከብዙዎች ግምት የረዘመ ነው። ከመሄጃ ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ እንጨት መጨመር ይቆማል፤ ያለው ነዶ ወደ ፍምና አመድ እንዲወርድ ነው። ከዚያ ፍሙን በአካፋው በተን ታደርጉና ውኃውን ከዳር ጀምራችሁ በዝግታ ታፈስሳላችሁ። አንድ ባልዲ ሙሉ በመካከሉ መድፋት ትኩስ እንፋሎትና አመድ ፊት ላይ ይመልሳል፤ ስለዚህ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጋችሁ፣ ፊታችሁን ራቅ አድርጋችሁ ይሁን። የሲሲታው ድምፅ ጋብ ሲል ታማስላላችሁ፤ ከሥር ያለው ይገለበጥና እንደገና ይንሸሸሻል። እንደገና ውኃ፣ እንደገና ማማሰል። ትልልቆቹን ጉማጆች አንድ በአንድ አገላብጡ፤ ሆዳቸው ውስጥ ፍም ይደብቃሉ።

ጨርሰናል ስትሉ የእጃችሁን ጀርባ ከላዩ ወደ አንድ ስንዝር አስጠግታችሁ ያዙት። ሙቀት ከመታችሁ አላለቀም። ካልመታችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ከፍሙ ሥር ያለውን አሸዋም አትርሱት። ሲነድ ያመሸበት አሸዋ ብቻውን፣ ፍም ሳይኖርበት እንኳ፣ እግር ለማቃጠል ይበቃል፤ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ውኃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ እንደሚያቃጥል፣ የሕፃን ቆዳ ደግሞ ከዚያ እንደሚፈጥን ማወቅ ለግምት ይረዳል። ስለዚህ ጉድጓዱን በአካፋ ቆፈር እያደረጋችሁ ውኃው ወደ ሥር እንዲወርድ አድርጉ። ሁሉም ሲበርድ የቀረውን ከሰልና አመድ በብረት ዕቃ አፍሳችሁ ውሰዱ። "ማዕበሉ ይወስደዋል" የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ ይወስደዋል፣ ግን ነገ ሌላ ሰው ጋ ያደርሰዋል። እርጥብ አመድ ቆዳን ሊልጥ የሚችል ነገር ስለሆነም በባዶ እጅ አይታፈስም።

በመጨረሻ ጉድጓዱ ይሞላል። ክፍት ጉድጓድ በሌሊት የሚራመድን ሰው እግር ይሰብራል፤ እንቁላል ልትጥል የወጣች የባሕር ኤሊም ገብታ ልትቀር ትችላለች። ጉድጓዱ የሚሞላው ግን እሳቱ በውኃ ጠፍቶ፣ አመዱም ተነሥቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ሰዓቱና የባሕሩ መሙላት

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከቦታው መነሣት አለባችሁ እንበል። ማጥፋቱና ማጽዳቱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ 3 ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ባልዲ ይፈሳል። የመጨረሻው እንጨት የሚገባው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከለኮሳችሁ እንጨት የምትጨምሩበት ጊዜ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ስሌት ያልሠራ ሰው እስኪነጋ የሚያስነድድ ማገዶ ይዞ ይመጣና እንዳይመልሰው ሲል ሁሉንም ይከምረዋል። ትልቁ እሳት፣ ትልቁም ጣጣ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ባሕሩ የራሱ ሰዓት አለው። በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሚቀጥለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሆነ የነገው ሙላት ከዛሬው በ50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ትናንት በዚህ ሰዓት ደረቅ የነበረ ቦታ ዛሬም ደረቅ ይሆናል ማለት እንግዲህ አይደለም። የየዳርቻው የሙላት ሰዓት ሠንጠረዥ በስልክ በቀላሉ ይገኛል። ሠንጠረዡ ባይኖርም አሸዋው ራሱ ይናገራል፦ የደረቀ የባሕር አረም፣ ዛጎልና ስንጥር በመስመር ተሰልፎ የቀረበት ቦታ ውኃው በቅርቡ የደረሰበት ነው።

ጨረቃ ሙሉ የሆነችበት ምሽት ለባሕር ዳር እሳት የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ የፀሐይና የጨረቃ ስበት በአንድ መስመር ስለሚተባበር ባሕሩ ከወትሮው ከፍ ብሎ ይሞላል። በጣም የሚያምረው ምሽት ውኃው በጣም የሚቀርብበት ምሽት ነው ማለት ነው። ከገደል ሥር ያለ ጠባብ ዳርቻ ከሆነ ነገሩ ከእሳቱም ይከፋል፤ ውኃው የመመለሻውን መንገድ ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ባታነድዱ እመርጣለሁ።

ቦታው ሲመረጥ እሳቱ በሁለት ነገሮች መካከል ይውላል፦ በቆይታችሁ ውኃ ከሚደርስበት መስመር በላይ፣ ሣር ካለበት የአሸዋ ጉብታ ግን በጣም በታች። ጉብታዎቹ ላይ ያለው ሣር ሲደርቅ እንደ ገለባ ይያያዛል። ሥሩ ነው ጉብታውን የያዘው፤ ከተቃጠለ አሸዋውን ነፋስ ይበትነዋል። ከሚቃጠል ነገር ሁሉ፣ ከድንኳን፣ ከመኪና፣ ከአጥርና ከደረቅ ሣር ቢያንስ 8 ሜትር መራቅ የተለመደ መለኪያ ነው። ነፋስ ወደሚሄድበት በኩል ደግሞ ከዚያም ይብዛ።

ነፋስ

ባሕር ዳር ላይ ነፋስ የዘፈቀደ አይደለም። ቀን ፀሐይ መሬቱን ከባሕሩ ቀድማ ታሞቀዋለች። በሞቀው መሬት ላይ ያለው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ቀዝቀዝ ያለው አየር ከባሕሩ መጥቶ ቦታውን ይይዛል፤ ከቀትር በኋላ ፊት ላይ የሚመጣው ነፋሻ አየር ይኸው ነው። ማታ ይገለበጣል። መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ባሕሩ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ነፋሱም ከየብስ ወደ ባሕር ይዞራል። በሁለቱ መካከል፣ ብዙ ጊዜ ጀንበር ስትጠልቅ አካባቢ፣ አየሩ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተለኮሰ እሳት ፍንጣሪውን የሚልከው ወደ ሣሩ፣ ወደ ቤቶቹና ወደ መኪናዎቹ ነው። ፀሐይ ስትገባ የተለኮሰው ግን ሲጀምር ጸጥ ያለ አየር ያገኛል፤ ቆይቶ ነፋስ ቢነሣም ፍንጣሪው ወደ ውኃው ይሄዳል። ለዚህ ነው እሳቱን ለማምሻ ማቆየት የሚመከረው፤ ጨለማው የሚሰጠው ውበት ምርቃት ነው። ወጀብ ወይም ዝናብ ያዘለ አየር ሲመጣ ይህ ሁሉ ሥርዓት ይፈርሳልና የአየር ትንበያውን ማየት ግድ ነው። መሣሪያ ለሌለው ሰው ቀላል መለኪያ አለ፦ ነፋሱ አቧራና ወረቀት የሚያነሣ፣ ቀጫጭን ቅርንጫፎችን የሚያወዛውዝ ከሆነ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አልፏል። አሸዋ ባታችሁን ሲገርፋችሁ ከተሰማችሁ የዛሬው ምሽት ያለ እሳት ያልፋል። ተነድዶም ከሆነ የሚጠፋበት ሰዓት ደርሷል።

ፈቃድ

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ መልሱ ከዳርቻ ዳርቻ ይለያያልና። አንዳንዱ ዳርቻ ጨርሶ ይከለክላል። አንዳንዱ የሚፈቅደው በተዘጋጁ የሲሚንቶ ወይም የብረት ማንደጃዎች ውስጥ ብቻ ነው። ሌላው የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል፣ የሰዓት ገደብም ያስቀምጣል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈቅደውም ቢሆን በድርቅና በከባድ ነፋስ ወቅት ሊያግድ ይችላል። ዳርቻውን የሚያስተዳድረው አካል ጋ ደውላችሁ በዚያው ቀን ጠይቁ፤ ባለፈው ዓመት የተፈቀደ ዛሬ ላይሆን ይችላል።

ከክልከላዎቹ መካከል ሰዎች ቶሎ የማይገባቸው የእንስሳቱ ነው። ከአሸዋ ሥር የተፈለፈሉ የባሕር ኤሊ ጫጩቶች በሌሊት ወጥተው ወደ ባሕሩ የሚሄዱት ብርሃን ተከትለው ነው፤ በተፈጥሮ ሌሊት ብሩሁ ጎን ባሕሩ ነውና። እሳት ካዩ ወደ እሳቱ ይመጣሉ። አሸዋው ላይ በግልጽ እንቁላል የሚጥሉ ወፎችም አሉ፤ እንቁላላቸው ከጠጠሩ አይለይም፣ የተረበሸች እናትም ጎጆዋን ትታ ልትሄድ ትችላለች። የእንቁላል ወቅት ላይ አንድ ዳርቻ ከተዘጋ ሌላ መፈለግ እንጂ መከራከር አያስፈልግም።

እንጨቱ

እንጨት ሲነድ የምናየው ነበልባል ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ሲቃጠል ነው። መጀመሪያ 100 ዲግሪ ላይ በውስጡ ያለው ውኃ ተንኖ ይወጣል፤ ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ እንጨቱ ይፈርስና የሚነድ ጋዝ ይሰጣል፤ ጋዙ ሲያልቅ የሚቀረው ከሰል ነው፣ እርሱም ያለ ነበልባል ይግላል። እርጥብ እንጨት የሚጨሰው ለዚህ ነው፦ ሙቀቱ ውኃ በማፍላት ያልቅና ጋዙ በደንብ ሳይቃጠል ጭስ ሆኖ ያመልጣል። ለማገዶ ጥሩ የሚባለው እንጨት የውኃ መጠኑ ከ20 በመቶ በታች የሆነ ነው። ጫፉ የተሰነጣጠቀ፣ ለመጠኑ የቀለለ፣ ሁለቱን ስታጋጩት "ቋ" የሚል ፍልጥ ደርቋል። "ዷ" ካለ ይቆይ። ሙጫ የበዛበት እንጨት ቶሎ ይያያዛል፣ ግን እየፈነዳ ፍንጣሪ ይረጫል፤ ለማቀጣጠያ ጥቂት፣ ለማምሻ ግን ጠንካራ እንጨት ይሻላል።

እንጨቱን ይዛችሁ ሂዱ። ማዕበል የተፋው እንጨት ነጭ፣ ለስላሳና ደረቅ ሆኖ ሲታይ ያጓጓል፤ ሲነድም ሰማያዊና አረንጓዴ ነበልባል ሊያሳይ ይችላል። ነገር ግን ጨው ጠጥቷል። ጨው ውስጥ ያለው ክሎሪን ከሚነድ እንጨት ጋር ሲገናኝ ዳይኦክሲን የሚባሉ መርዛማ ውሕዶች ይፈጠራሉ። ለማየት ደስ ይላል፣ ለመተንፈስ አይሆንም፤ ምግብ ማብሰልማ ጨርሶ አይታሰብም። ከዚህም ሌላ ያ ግንድ ለብዙ ትናንሽ ፍጥረታት መጠለያ ነው፣ አሸዋውንም ይይዛል።

የሕንፃ ፍራሽ፣ ቀለም የተቀባ ሳንቃ፣ ኮምፔንሳቶና ለመበስበስ መከላከያ መድኃኒት የጠጣ እንጨት ደግሞ ከዚህ ይብሳሉ። አረንጓዴ ቀለም የያዘ አሮጌ የአጥር ወይም የድልድይ እንጨት መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ ሊኖርበት ይችላል። ሲቃጠል አርሴኒኩ ከፊሉ በጭሱ ይወጣል፣ የቀረው አመዱ ውስጥ ይከማቻል፤ ያ አመድ መርዝ ነው። የዕቃ መጫኛ ፓሌት ብዙ ሰው ይወደዋል፣ ደረቅና ቀላል ስለሆነ። ኤም ቢ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት የታተሙበት ከሆነ በሜታይል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነው፤ አታንድዱት። ኤች ቲ የሚለው በሙቀት የታከመ ነው። ሆኖም ሁለቱም ሚስማር አላቸው። ፓሌቱ ነዶ አመድ ይሆናል፣ ሚስማሩ ግን አሸዋው ውስጥ ቀርቶ የሚወጋውን እግር ይጠብቃል። ብዙ ዳርቻዎች ፓሌት የሚከለክሉት ለዚህ ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ እንደ ክንድ የወፈረ ደረቅ ፍልጥ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይቆያል፤ ባንድ ጊዜ ሦስት አራት ፍልጥ ከበቃ ለሁለት ሰዓት ማስነደጃ ከ12 እስከ 16 ፍልጥ ይበቃል ማለት ነው። ጭራሮና ቀጫጭን ስንጥር ከዚህ ውጪ ነው፤ እርሱን ከምታስቡት እጥፍ ያዙ።

ጉድጓዱና ማቀጣጠሉ

ተፈቅዶ ከሆነ እግር ያለው የብረት ማንደጃ ከጉድጓድ ይሻላል፦ አሸዋው አይግልም፣ አመዱ አይበተንም፣ ማጥፋቱም ይቀላል። ጉድጓድ ከሆነ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ጎኖቹ ቀጥ ያላሉ ዘቅዘቅ ያሉ ይሁኑ። ከዚያ በላይ መቆፈር ትርፍ የለውም፤ እሳቱ አየር ያጣል። ጥልቅ የአሸዋ ጉድጓድ ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ይደረመሳል፤ ልጆች እንዲህ ባሉ ጉድጓዶች ውስጥ ተቀብረው የሞቱበት ጊዜ አለ። የወጣው አሸዋ ዙሪያውን እንደ ክብ ግድግዳ ይደረደራል።

ድንጋይ መደርደር ያምራል፣ ከውኃ የወጣ ድንጋይ ግን አይሁን። በስንጥቆቹ የገባው ውኃ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል፣ መውጫ ካጣ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ስባሪው እንደ ጥይት ነው የሚወጣው።

እንጨቱን ለመደርደር ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። ፍልጦቹን እንደ ጎጆ ጣሪያ ጫፍ ለጫፍ አቁሞ ማስደገፍ ቶሎ ያያይዛል፣ ነበልባሉም ረጅም ነው፤ ግን ሲነድ አንዱ ወገን ይሸነፍና ወደ ተቀመጡት ሰዎች ሊወድቅ ይችላል። ሁለት ወደዚህ፣ ሁለት ወደዚያ እያደረጉ በአራት ማዕዘን መደርደር ደግሞ ወደ ውስጥ ነው የሚፈርሰው፤ ዝቅ ያለና የተረጋጋ እሳት ይሰጣል። ለባሕር ዳር ሁለተኛው ይመረጣል። መካከሉ ላይ ጭራሮውን ልቅ አድርጋችሁ፣ አየር እንዲያልፍበት ክፍተት ትታችሁ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ለኩሱ።

ቤንዚን እንዳታስቡ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፣ ሞልቶም በአሸዋው ላይ ይሳባል። የሚለኩሰው ሰው ክብሪቱን ሲጭር የቆመው እንግዲህ በማይታይ ጋዝ መካከል ነው፤ የሚሆነውም ፍንዳታ ነው። የደከመ እሳት ላይ ነጭ ጋዝ ወይም አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ማፍሰስም እንዲሁ፤ ነበልባሉ በሚፈስሰው ፈሳሽ ላይ ወጥቶ እጅ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ ሊይዝ ይችላል። ጭራሮው ደረቅ ከሆነ ከክብሪትና ከትንሽ ትዕግሥት ሌላ ምንም አያስፈልግም።

እሳቱ ውስጥ ከእንጨት ሌላ ምንም አይግባ። ፕላስቲክ መርዛማ ጭስ ይሰጣል፣ ጠርሙስ ተሰባብሮ አሸዋው ውስጥ ይቀራል፣ ላይተርና የሽቶ ቆርቆሮ ይፈነዳሉ። የመጠጥ ጣሳ የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ላይ ነው፤ ቢቀልጥም አይጠፋም፣ ስለት ሆኖ ይቀራል።

ዙሪያውን መቀመጥ

ትልቅ እሳት ብዙ ደስታ የሚሰጥ ይመስለናል። በተግባር ግን ትልቅ እሳት ሰውን ያባርራል፤ ሁሉም ከወላፈኑ እየሸሸ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ክቡ ይሰፋል፣ ወሬውም ይበታተናል። የእሳት ሙቀት ወደ እኛ የሚመጣው በአብዛኛው በጨረር ነው፤ ከትንሽ እሳት ርቀታችሁን በእጥፍ ስትጨምሩ የሚደርሳችሁ ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ነበልባሉ ከጉልበት የማያልፍ እሳትን ቀረብ ብሎ መሞቅ፣ ወገብ ያለፈውን ከሩቅ ከመሞቅ ይበልጣል። ጥሩው ሰዓት ደግሞ ነበልባሉ ወርዶ ፍሙ የቀላበት ነው፦ ጭስ የለም፣ ፍንጣሪ የለም፣ ሙቀቱ እኩል ነው፣ ምግብ የሚጠበስበትም ያኔ ነው። በየአምስት ደቂቃው እንጨት የሚጨምር ሰው እዚያ ሰዓት ላይ አይደርስም። እንጨት የመጨመሩን ሥራ ለአንድ ሰው ስጡ፤ የማይጠጣ፣ የማይቸኩል ሰው ይሁን።

ጀርባ የሚበርደው ጨረር ፊት ለፊት ብቻ ስለሚመታ ነው። ከኋላ ነፋስ የሚከልል ነገር፣ ከሥርም ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ ካለ ግማሹ ብርድ ይቀራል። ልብስ ከጥጥ ወይም ከሱፍ ይሁን፤ የናይለን ጃኬት ፍንጣሪ ሲያርፍበት ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጭሱ እናንተን ብቻ የሚከተል ሲመስላችሁ ደግሞ ምናብ ላይሆን ይችላል፤ እሳቱ አየር ከዙሪያው ይስባል፣ የተቀመጠ ሰው በዚያ በኩል የሚመጣውን አየር ይጋርዳል፣ ጭሱም ወደተጋረደው ጎን ያዘነብላል። አስም ያለበት ሰው ግን ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል፣ ከሌላው ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ልጆች ካሉ ከእሳቱ ዳር አንድ ሜትር ርቆ አሸዋው ላይ በእንጨት ጫፍ ክብ መስመር ይሠመር፤ ከመስመሩ ወዲያ ሩጫ የለም። ልጆች ሕግን ከሚሰሙት ይልቅ የሚያዩትን ይጠብቃሉ።

ብዙም የማይነገረው አደጋ ግን ከእሳቱ በተቃራኒ በኩል ነው ያለው። እሳት ያየ ዓይን ጨለማ ማየት ያቆማል፤ ጨለማውን እንደገና ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። እሳቱ ዙሪያ የተቀመጡ አሥር ሰዎች ከአምስት ሜትር ወዲያ ያለውን ዳርቻ አያዩም። አንድ ልጅ ወይም ሞቅ ያለው አንድ ጓደኛ ተነሥቶ ወደ ውኃው ቢሄድ ማን ያየዋል? የማዕበሉ ድምፅም ጩኸትን ይውጣል። በሌሊት ዋና እንደማይኖር አስቀድሞ መነጋገር፣ ልጆችን በየጊዜው መቁጠር፣ አንድ አዋቂም ጀርባውን ለእሳቱ፣ ፊቱን ለባሕሩ ሰጥቶ እንዲቀመጥ በተራ መመደብ ያስፈልጋል።

ድንኳን ጥላችሁ የምታድሩ ከሆነም ፍም ለሙቀት ብላችሁ ወደ ውስጥ አታስገቡ። ከሰል ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል። ቀለምም ሽታም የለውም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ቃጠሎ ከደረሰ

ልብስ ከተያያዘ መሮጥ እሳቱን ያራግበዋል። ባለበት መቆም፣ መተኛት፣ ፊትን በእጅ ሸፍኖ መንከባለል ነው፤ አሸዋ ለዚህ ጥሩ ነው። ለተቃጠለ ቆዳ ወዲያው ቀዝቃዛ የሚፈስ ውኃ ለ20 ደቂቃ፤ ሁለት ደቂቃ አይበቃም። ለዚህ ጥቂት ሊትር ንጹሕ ውኃ መያዝ ዋጋ አለው፣ ከሌለ ግን የባሕሩ ውኃ ከምንም ይሻላል። በረዶ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ዘይት አይነካም። ቀለበትና አምባር ቦታው ከማበጡ በፊት ይወልቅ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ ግን አይላጥ። ከዚያ በንጹሕና በማይጣበቅ ነገር ሸፈን ማድረግ ነው። ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፣ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ ቆዳው ከነጣ ወይም ከከሰለ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ምሽቱ እዚያው ያበቃል፤ አንዱ እሳቱን ሲያጠፋ ሌላው ወደ ሐኪም ቤት ይዞት ይሄዳል።